ጋዜጣ የሚያነብ የድርሰት መምህር

«ስለ ክረምት አንድ ድርሰት ጻፉ» የሚል ትእዛዝ በተሰጠ ጊዜ በየክፍሉ የሚጻፈውን መነሻ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። «ክረምት ከአራቱ ወቅቶች አንዱ ነው። በክረምት ዝናብ ይዘንባል፤ ወንዞች ይሞላሉ፤ ገበሬው እርሻውን ያርሳል።» ጎንደር የሚማረው ይህንኑ ይጽፋል፤ አዲስ አበባ የሚማረውም ይህንኑ ይጽፋል፤ በወላይታ ዞን፣ በኦፋ ወረዳ፣ በገሱባ ከተማ የሚማረውም ከዚህ አይወጣም። ዓረፍተ ነገሮቹ የሰዋስው ስሕተት የለባቸውም። ባለቤቱና ግሡ ተስማምተዋል፤ ሥርዓተ ነጥቡም በየቦታው ገብቷል። ሆኖም መምህሩ 60 ደብተር ሰብስቦ 60 ጊዜ አንድ ዓይነት ክረምት ካነበበ በኋላ ዝናቡ በየትኛው አገር፣ በየትኛው ዓመት፣ በማን ቤት ጣሪያ ላይ እንደ ወረደ ሊነግረን አይችልም።

ይህ ጉድለት በተነሣ ቁጥር የሚወቀሰው ተማሪው ነው። ከወቀሳው ግን ለመምህሩም ድርሻ አለው። የድርሰት መምህር የሥራው ጠባይ ሆኖ በየሳምንቱ የሚያነበው ገና በመማር ላይ ያሉ ልጆች የጻፉትን ነው፤ ዓይኑም ሁልጊዜ የሚፈልገው ስሕተትን ነው። ከደብተር በቀር ሌላ ጽሑፍ ሳያይ ዓመታት ካለፉበት ጆሮው ቀስ በቀስ ይደነዝዛል። ሰዎች ዛሬ የሚጨነቁበት፣ የሚከራከሩበትና የሚሥቁበት አማርኛ ምን እንደሚመስል ይረሳዋል። ከ10 ዓመት በፊት የሰጠውን ርእስ ዘንድሮም ይሰጣል፤ ያንኑ ክረምትም መልሶ ይቀበላል። ከእናንተ መካከል ነገ የቋንቋ መምህር የሚሆን አይጠፋምና ነገሩ እናንተንም ይመለከታል። መምህሩንም ተማሪውንም በየጊዜው ከሰዎች ጉዳይ ጋር ከሚያገናኙት ነገሮች አንዱ፣ ምናልባትም ለድርሰት ክፍል የሚቀርበው፣ ጋዜጣ ነው።

የአማርኛ ጋዜጣ ታሪክ ረዥም አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት የወጣው አእምሮ መጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ በጥቂት ቅጂዎች ብቻ ይሠራጭ ነበር። በ1917 ዓ.ም. በየሳምንቱ መታተም የጀመረው ብርሃንና ሰላም፣ በዘመኑ የነበሩ የተማሩ ሰዎች ስለ አገራቸው መሻሻል አሳባቸውን የሚገልጹበት መድረክ ሆነ። ከጠላት ወረራ በኋላ ደግሞ ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ ዘመን ተመሠረተ፤ መጀመሪያ በሳምንት አንድ ጊዜ ይወጣ የነበረው ይህ ጋዜጣ በኋላ ዕለታዊ ሆኗል። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ነፃነት ዐዋጅ ከወጣ በኋላም በርካታ የግል ጋዜጦች ታተሙ፤ ብዙዎቹም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጠፍተዋል። እኛን እዚህ ላይ የሚያሳስበን ግን የጋዜጦቹ ቁጥር ሳይሆን የሚነበቡበት መንገድ ነው።

የድርሰት መምህር ጋዜጣ የሚያነበው ወሬውን ለማወቅ ብቻ አይደለም። ዓረፍተ ነገሩ ምን እንደ ተናገረ፣ ምንስ እንደ ደበቀ ይመረምራል። ለምሳሌ ያህል፣ በጋዜጣ ቋንቋ የተለመደውን የሚከተለውን የመሰለ ዓረፍተ ነገር እንውሰድ፤

«በወረዳው ለሚገኙ አርሶ አደሮች የስኳር ድንች ሐረግ መሠራጨቱ ተገለጸ።»

ይህ ዓረፍተ ነገር በሰዋስው ረገድ ነቀፋ የለበትም። ነገር ግን ያሠራጨው ማን ነው? የገለጸውስ? ለስንት ሰው ተሠራጨ? መቼ? «መሠራጨት» እና «ተገለጸ» ሁለቱም ከተደራጊ ግሥ የተገኙ በመሆናቸው፣ ሁለት አድራጊዎች በአንድ መስመር ውስጥ ተሰውረዋል። ሐረጉ ያልደረሰው ገበሬ ቅር ቢለው የሚጠይቀውን ሰው ከዚህ ዓረፍተ ነገር አያገኝም። አሁን አድራጊዎቹን እናውጣቸው፤ «የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በሚያዝያ ወር ለ120 አባወራዎች የስኳር ድንች ሐረግ እንዳደለ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ተናገሩ።» ቁጥሩም ወሩም ለምሳሌ ብቻ የገቡ ናቸው። ቢሆንም ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ሊጠየቅና ሊመረመር የሚችል ነገር ይዟል። 120 ሰዎች ተቆጥረው ሊገኙ ይችላሉ፤ «አርሶ አደሮች» የሚለው ብቻውን ግን አይቆጠርም።

ይህ ሲባል ተደራጊ ግሥ የተከለከለ ነው ማለት አይደለም። ሌባው ባልታወቀ ጊዜ «ሱቁ ተዘረፈ» ከማለት ሌላ ምን ይባላል? ጥፋት የሚሆነው አድራጊው እየታወቀ በልማድ ሲሰወር ነው። በአንድ የጋዜጣ ገጽ ላይ «ተገለጸ»፣ «ተባለ»፣ «ተጠቆመ» የሚሉትን ግሦች በእርሳስ እያሰመራችሁ ብትቆጥሩ፣ ከዚያም የራሳችሁን የመጨረሻ ድርሰት አውጥታችሁ እንዲሁ ብታደርጉ፣ ልማዱ ወደ እናንተም ምን ያህል እንደ ተሻገረ ትረዳላችሁ።

ጋዜጣ ግን መጥፎ ልማድ ብቻ አያስተምርም። ለልብ ወለድ ጽሑፋችን ትልቅ ድርሻ ካበረከቱት ደራስያን አንዳንዶቹ እጃቸውን ያፍታቱት በጋዜጣ ሥራ ነው። በዓሉ ግርማ በመነን መጽሔት፣ በአዲስ ሪፖርተርና በአዲስ ዘመን በአዘጋጅነት ሠርቷል። በአዲስ ዘመን አዘጋጅነት ያገለገለው ብርሃኑ ዘሪሁንም በአጫጭርና ግልጽ ዓረፍተ ነገሮቹ ይታወቃል፤ ከእርሱ በፊት በነበረው የአማርኛ ስድ ንባብ አንድ ዓረፍተ ነገር ግማሽ ገጽ መያዙ እንግዳ ነገር አልነበረም። በውጭውም ዓለም ተመሳሳይ ነገር ይገኛል። አሜሪካዊው ደራሲ ኧርነስት ሄሚንግዌይ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1917 በወጣትነቱ ካንሳስ ሲቲ ስታር በተባለ ጋዜጣ ሲቀጠር፣ ከተሰጡት የአጻጻፍ መመሪያዎች አንዱ ዓረፍተ ነገርን ማሳጠር ነበር። ጋዜጠኛ የሚጽፈው ቸኩሎ ለሚያነብ ሰው ነውና ቦታ ማባከን አይፈቀድለትም። በዚህ ረገድ ብዙ ሰው የሚንቀው የሥራ ማስታወቂያ እንኳ ጥሩ አስተማሪ ነው። አራት ኪሎ አካባቢ በየመንገዱ ዳር ተቀምጠው ጋዜጣ በጥቂት ሳንቲም ይከራዩ የነበሩ ሥራ ፈላጊዎች ማስታወቂያውን የሚያነቡት በፍጹም ጥንቃቄ ነበር፤ አንዲት የተዘለለች ቃል ዕድል ልታሳልፍባቸው ትችላለችና። ከዚያ የበለጠ ትጉህ አንባቢ የሚያገኝ ደራሲ ብዙ አይደለም።

ወደ ክረምቱ ድርሰት እንመለስ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ፣ ከወላይታ ብዙም በማይርቀው በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ ተራራ ተንሸራተተ። በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ሐምሌ 15 ቀን የተሰበሰቡት ጎረቤቶች ባልተጠበቀ ሁለተኛ ናዳ ተዋጡ። በአካፋና በባዶ እጅ ይቆፍሩ የነበሩ ሰዎች ራሳቸው ተቈፍረው ወጡ። የሟቾቹ ቁጥር በመጀመሪያው ቀን በዐሥሮች ይነገር ነበር፤ በማግሥቱ 229 ተባለ፤ ሐምሌ 18 ቀን የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮ 257 መድረሱን አስታወቀ።

እነዚህን ዘገባዎች በተከታታይ ያነበበ መምህር ለክፍሉ ይዞ የሚገባው ነገር ብዙ ነው። አንደኛ፣ ቁጥር ቀን እንዳለው ያሳያል። የሐምሌ 16ቱን ጋዜጣ ብቻ ያነበበ ተማሪ «በአደጋው 229 ሰዎች ሞቱ» ብሎ ቢደመድም ይሳሳታል፤ «እስከ ሐምሌ 16 ቀን ድረስ 229 ሰዎች መሞታቸው ተረጋገጠ» ቢል ግን ዓረፍተ ነገሩ ዛሬም እውነት ነው። «እስከ» የምትለው መስተዋድድ እዚህ ላይ ምን ያህል ሥራ እንደ ሠራች ልብ በሉ። ከዚህም ሌላ «ናዳ» እና «መንሸራተት» አንድ ናቸው ወይ የሚል ጥያቄ ይነሣል። ድንጋዩና አፈሩ ከላይ ሲወርድ ናዳ እንለዋለን፤ መሬቱ ራሱ ከሥሩ ተላቅቆ ሲሄድ ተንሸራተተ እንላለን። ከሁሉም በላይ ግን፣ ከቁጥሩ ይልቅ አንባቢን የሚይዘው ለጎረቤቱ ሮጦ የሄደው ሰው ታሪክ መሆኑን ተማሪው ይረዳል። «በክረምት ዝናብ ይዘንባል» ብሎ መጀመር ከዚህ በኋላ ያሳፍራል።

እዚህ ላይ «ይህ ሁሉ ጋዜጣ በየቀኑ ለሚያገኝ ሰው ነው» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ትክክል ነው። ከአዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ከምትገኘው ከወላይታ ሶዶ ወዲያ ያሉ ትንንሽ ከተሞች ጋዜጣን የሚያውቁት ብዙውን ጊዜ ካረጀ በኋላ ነው። በገጠር ከተሞች ጋዜጣ የሱቅ ዕቃ መጠቅለያ ሆኖ ቤት ይገባል፤ ወይም ከጭቃ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ለዓመታት ይኖራል፤ ፊደልን ከተጋደመ የጋዜጣ አምድ ላይ አንገታቸውን አዘንብለው የለመዱ ሰዎች ጥቂቶች አይደሉም። ይሁን እንጂ የዘገየ ጋዜጣ የራሱ ጥቅም አለው፤ ያውም የዕለቱን ጋዜጣ የሚያነበው ሰው የማያገኘው ጥቅም። «መንገዱ በመጪው ዓመት ተጠናቅቆ ለአገልግሎት ይበቃል» የሚለውን ዜና በወጣበት ዕለት የሚያነብ ሰው ከማመን ወይም ካለማመን ሌላ አማራጭ የለውም። ከ3 ዓመት በኋላ የሚያነበው ግን ወጥቶ መንገዱን ማየት ይችላል። ተጠናቅቆ ከሆነ እሰየው፤ ካልሆነም የሚጻፍ ነገር ተገኘ ማለት ነው። መምህሩ አሮጌ ጋዜጣ ሰብስቦ በመሳቢያው ቢያስቀምጥ፣ ቆሻሻ አከማቸ ብላችሁ አትሣቁበት።

ዛሬ በእርግጥ ዜናው በእጅ ስልክም ይደርሳል። መድረሱ መልካም ነው። ሆኖም በስልክ የሚነበበው በአብዛኛው ርእሱ ብቻ ነው፤ ርእስ ብቻ አንብቦ ደግሞ የአንቀጽን አሠራር መማር አይቻልም። ስለዚህ በስልክ የምታነቡትን ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ አንብቡ፤ ዋናውን ፍሬ ነገር በደብተራችሁ ላይ በራሳችሁ ቃል ገልብጡ።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ እርሱም በጋዜጣ ላይ ያልተጻፈው ነው። ገሱባ የሚኖር ተማሪ በቤቱ ወላይትኛ ይናገራል፤ አማርኛን የሚያገኘው በአብዛኛው በትምህርት ቤትና በጽሑፍ ነው። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ማስተማሪያ ከሆኑት የመጀመሪያዎቹ 5 ቋንቋዎች አንዱ ወላይትኛ ነበር፤ ከዚያ በፊት ብዙ ሰው ይህ ቋንቋ በትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ ይጻፋል ብሎ አላሰበም። እንግዲህ በሁለት ቋንቋ የሚያስብ ተማሪ፣ በአንድ ቋንቋ ብቻ የሚጽፈው የከተማ ጋዜጠኛ የማያውቀውን ነገር ያውቃል። ጋዜጣው «የእንሰት አጠውልግ በሽታ በደቡብ የአገሪቱ ክፍል ጉዳት እያደረሰ ነው» ብሎ ሊያልፍ ይችላል። በሽታው ከተክል ወደ ተክል ከሚተላለፍባቸው መንገዶች አንዱ ያልጸዳ ቢላዋ መሆኑን ግን፣ እናቱ ቢላዋዋን በእሳት አግላ ወደ ጓሮ ስትገባ ያየ ልጅ ከማንም አስበልጦ ሊያስረዳ ይችላል። ይህንን የሚያውቅ ልጅ «እንሰት ጠቃሚ ተክል ነው» ብሎ ድርሰት ቢጀምር ሀብቱን እንደ መደበቅ ይቈጠራል።

ጋዜጦችም የሩቅ አንባቢን ድምፅ መቀበል ያውቁበታል። ጳውሎስ ኞኞ በአዲስ ዘመን ላይ ያዘጋጀው የነበረው «አንድ ጥያቄ አለኝ» የተባለው አምድ ለዚህ ምስክር ነው። አንባቢዎች ስለ ታሪክ፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ሳይንስና ስለ ተራ ነገር ሁሉ ይጠይቁ ነበር፤ ጳውሎስም አንዳንዱን በቁም ነገር፣ አንዳንዱን በቀልድ ይመልስ ነበር። እርሱ ራሱ በመደበኛ ትምህርት ብዙ ያልዘለቀ ሰው መሆኑን ስናስብ፣ መጠየቅንና መመለስን ከየት እንደ ተማረ እንገነዘባለን።

የድርሰት መምህራችሁ ለጋዜጣ አዘጋጅ ደብዳቤ እንድትጽፉ ቢያዛችሁ እንግዲህ ሰፊ ርእስ አትፈልጉ። በሰፈራችሁ ከምታውቁት አንድ ጉዳይ ምረጡ፤ የተሰበረ ድልድይ፣ የደረቀ የውኃ ቧንቧ፣ የጠወለገ የእንሰት ጓሮ ሊሆን ይችላል። ሄዳችሁ እዩት፤ የሚመለከታቸውን ሰዎች ጠይቁ፤ የሚቆጠረውን ቁጠሩ። አድራጊውን ካወቃችሁት በስሙ ወይም በሥራ ድርሻው ጥሩት፤ ካላወቃችሁትም አለማወቃችሁን ጻፉ። ከአንድ ገጽ አትለፉ፤ አዘጋጁ የሚያሳጥረው ሌላ ብዙ ደብዳቤ አለበትና። ወረቀቱን አውጡ፤ ከላይ በስተቀኝ በኩል መጀመሪያ ቦታውን፣ ቀጥሎም ቀኑን፣ ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን አስፍሩ፤ ገሱባ።