የፎገራ ወንዞችና የጣና ነጭ ዓሣ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው ወረታ ከመድረሱ በፊት ጉማራን፣ ወረታን ካለፈ በኋላ ደግሞ ርብን በድልድይ ይሻገራል። ሁለቱም ከጉና ተራራ ተነሥተው የፎገራን ሜዳ እያቋረጡ ጣና ይገባሉ። ስማቸው የሚነሣው ከሩዝ፣ ከመስኖና ከክረምት ጎርፍ ጋር ነው። ከጣና ነጭ ዓሣ ዝርያዎች ግማሽ ያህሉ የሚራቡትም በእነዚህና በሌሎች ገባር ወንዞች ነው።

ገበያ ላይ በአንድ ስም ነጭ ዓሣ የምንለው ብዙ ዓይነት ነው። የኔዘርላንድ ተመራማሪዎቹ ሌኦ ናጌልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ 15 ዝርያዎችን ለይተዋል። ከእነዚህ ስምንቱ ሌላ ዓሣ እያደኑ የሚበሉ ናቸው። መንጋጋው ላይ ጥርስ ከሌለው የካርፕ ወገን ይህን ያህል አዳኝ መውጣቱ የሚያስገርም ነው። 40 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን ዓሣ ስለሚያግድ፣ ዝርያዎቹ በሐይቁ ውስጥ ለብቻቸው ተለያይተው አድገዋል።

ሰባት ያህሉ ዝርያዎች ለመራባት ሐይቁን ለቀው ወደ ወንዝ ይወጣሉ። ክረምቱ ሲበረታ ወንዙ ጣና በሚገባበት አፍ ላይ ይሰባሰባሉ፤ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ተራ በተራ ሽቅብ ይዋኛሉ። የሚፈልጉት ጠጠር ያለበት፣ ጥልቀት የሌለውና ፈጥኖ የሚፈስ ውኃ ነው። እንቁላሉ በጠጠሩ መካከል ይገባና በላዩ የሚያልፈው ውኃ ኦክስጅን ያደርሰዋል። ጭቃ ከለበሰው ግን ታፍኖ ይሞታል። ቆሮሶ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ነጭ ዓሣ ግን እንቁላሉን ለወንዙ ትቶ ይመለሳል።

ጉዳቱም የሚመጣው ከዚሁ ወደ ወንዝ የመውጣት ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ጣና ሲገባ፣ ወንዝ አፍ ላይ የተከማቸው ዓሣ በቀላሉ መረብ የሚዘረጋበት ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 በባሕር ዳር በኩል በተደረገ ክትትል ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች 75 በመቶ፣ ገና ያልጎለመሱት ትንንሾቹ ደግሞ 90 በመቶ ገደማ ቀንሰው ተገኝተዋል። በቪክቶሪያ ሐይቅም ኒንጉ የሚባለው ወንዝ ወጪ ዓሣ በወንዝ አፍ መረብ ነው የተመናመነው። ከመረቡ ሌላ ወንዙ ላይ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃ ውስጥ መበተን፣ ጠጠርና አሸዋ መዛቅ፣ ከተራቆተ ተዳፋት የሚወርድ ደለል አለ። የርብ ግድብም የወንዙን አፈሳስ ለውጦታል።

አንዳንዴ መፍትሔው ከውጭ ዓሣ ማምጣት ይመስላል። በባሌ ወንዞች ከኬንያ የመጣው ትራውት ስፖርት አጥማጆችን ስቧል። ትራውትም እንደ ነጭ ዓሣ በንጹሕ ጠጠር ላይ ነው የሚራባው፤ ስለዚህ ወንዙ ከተበላሸ ለእርሱም አይሆንም። ከጣና ጋር የሚመሳሰል የካርፕ ወገን ስብስብ የነበረው የፊሊፒንሱ ላናኦ ሐይቅ የራሱን ዝርያዎች ያጣው በዋናነት ባዕድ ዓሣ ስለገባበት ነው። የጣና ሀብት ግን ዛሬም በእጃችን ነው።

ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም በ1995 ዓ.ም. የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 315 ወጥቷል፤ የአማራ ክልልም የራሱ አዋጅ አለው። የጎደለው ሕጉን ወንዙ ዳር ማድረስ ነው። መጀመሪያ ሊደረግ የሚገባው ግልጽ ነው፤ ከሐምሌ እስከ መስከረም ከጉማራና ከርብ አፍ መረብ ይነሣ፤ ዓሣው በሚራባባቸው ቦታዎች ጠጠርና አሸዋ መዛቅ ይቁም። በእነዚያ ወራት አጥማጁ ቆሮሶና አምባዛ ከሐይቁ ማስገር ይችላል፤ ይህን የሚያስችል መረብና ገበያ ግን ሊመቻችለት ይገባል። ኑሮውን ከወንዙ የሚያገኝ ሰው ያለ ምትክ ተው ቢባል እንደማይተው መታወቅ አለበት። የወረታ ምግብ ቤቶችም እንቁላል የያዘ ነጭ ዓሣ ባለመግዛት ያግዛሉ።

አጥማጆች፣ የወንዝ ዳር ገበሬዎችና የቀበሌ አስተዳደሮች በዚህ ላይ መስማማት ያለባቸው በሰኔ፣ መረቡ ከመዘርጋቱ በፊት ነው። ወንዝ ወጪ ዓሣ ለመጎልመስ ዓመታት ይፈጅበታል፤ የአንድ ክረምት ጥበቃ ውጤት ቶሎ ባይታይም ተስፋ ሳንቆርጥ በየዓመቱ ልንጠብቀው ይገባል።