ዓሦችን ስለ ማዳቀል

«በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት፣ እናቴ ፈረስ ናት አለች» ይባላል። ይህ ተረት ወላጁን በሚያፍር ሰው ላይ የሚነገር ቢሆንም፣ ከሥነ ሕይወት ትምህርት ጋር የተያያዘ እውነትም ይዟል። እንደምታውቁት በቅሎ ከአህያ አባትና ከፈረስ እናት የምትወለድ ድቅል ናት። ሸክም በመቻሏና በጠንካራነቷ ትመረጣለች፤ ነገር ግን መካን ናት። ስለሆነም የፈረስና የአህያ መዳቀል በአንድ ትውልድ ተጀምሮ በዚያው ያበቃል። ድቅሉ ራሱ የሚወልድ ቢሆን ምን ሊከተል ይችላል? የዚህን ጥያቄ መልስ በመስተዋት ገንዳ ከሚረቡ ትንንሽ ዓሦች እናገኛለን።

በመጀመሪያ የቃሉን ትርጉም እንመልከት። ማዳቀል ማለት በዘር የሚለያዩ ሁለት እንስሳትን ወይም ሁለት ዕፅዋትን አገናኝቶ፣ የሁለቱንም ባሕርይ የወረሰ ልጅ ማስገኘት ነው። ይህም በሁለት መንገድ ይፈጸማል። አንደኛው በአንድ ዝርያ ሥር የሚገኙትን ልዩ ልዩ ዓይነቶች ማገናኘት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በሥጋ ዝምድና የሚቀራረቡ፣ ነገር ግን የተለያዩ የሆኑ ሁለት ዝርያዎችን ማገናኘት ነው። የመጀመሪያው በአብዛኛው የመልክ ለውጥ ብቻ ያመጣል። ሁለተኛው ግን ብርቱ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

አብዛኞቹ ዓሦች ዕንቁላላቸውን በውኃ ውስጥ ይጥላሉ። ጋፒ፣ ሞሊ፣ ፕላቲና ሰይፍ ጭራ የሚባሉት ግን ጫጩቶቻቸውን በሕይወት ይወልዳሉ። እርግዝናቸው አራት ሳምንት ያህል ብቻ ስለሚወስድና በአንድ ጊዜ በርካታ ጫጩቶች ስለሚወልዱ፣ የዘር ውርስን ለሚያጠና ሰው እጅግ ይመቻሉ። ይሁን እንጂ አንድ አሳሳች ጠባይ አላቸው። ሴቲቱ ከወንዱ የተቀበለችውን ዘር በሆዷ አቆይታ፣ ከአንድ ግንኙነት በኋላ ለወራት ደጋግማ ልትወልድ ትችላለች። ስለዚህ ዛሬ የምትወልዳቸው ጫጩቶች አባት አሁን አብሯት የሚዋኘው ወንድ ላይሆን ይችላል። በቅሎዋ የሸሸችው ጥያቄ እዚህም ይነሣል ማለት ነው።

ከእነዚህ ዓሦች መካከል ፕላቲና ሰይፍ ጭራ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። የተፈጥሮ አገራቸው ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። ፕላቲ አጭርና ደልዳላ ሲሆን፣ ሰይፍ ጭራ ቀጭንና ረዘም ያለ ነው፤ የወንዱም ጭራ የታችኛው ጠርዝ እንደ ሰይፍ ወደ ኋላ ይሾላል። በዱር ሳሉ እርስ በርስ መዳቀላቸው እምብዛም አይታይም። በገንዳ ውስጥ ግን የራሱን ወገን ያጣ ወንድ የሌላይቱን ዝርያ ሴት ይጠጋል። የሚወለዱትም ድቅሎች እንደ በቅሎ መካን አይደሉም። በገበያ ከሚሸጡት ቀያይ ሰይፍ ጭራዎች ብዙዎቹ የዚህ መዳቀል ዘር ናቸው፤ በዱር የሚገኘው ሰይፍ ጭራ በአመዛኙ አረንጓዴ ነውና።

ይህ የውበት ምንጭ የሆነው መዳቀል ሌላ ገጽታም አለው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ማይረን ጎርደን፣ በጀርመን አገር ደግሞ ኩርት ኮስቪግና ጌኦርግ ሆይስለር፣ ባለ ጥቁር ነጠብጣብ ፕላቲን ከሰይፍ ጭራ ጋር የማዳቀልን ውጤት መረመሩ። በፕላቲው ላይ አነስተኛ የነበረው ጥቁር ነጠብጣብ በድቅሎቹ ላይ ሰፍቶ ታየ። ድቅሉ እንደገና ከሰይፍ ጭራ ጋር ሲገናኝም ነገሩ ባሰ። ከሚወለዱት 100 ጫጩቶች 50 ያህሉ ነጠብጣብ የላቸውም፤ 25 ያህሉ እንደ ድቅሉ ወላጃቸው ጥቁረታቸው የበዛ ይሆናል፤ የቀሩት 25 ያህሉ ግን ሜላኖማ በሚባል ገዳይ የቆዳ ነቀርሳ ይያዛሉ።

የዚህ ምክንያቱ ምንድን ነው? በፕላቲው አካል ውስጥ የጥቁር ቀለም ሕዋሳትን እንዲባዙ የሚገፋፋ ጂን አለ፤ ይህን ጂን የሚገታ ተቆጣጣሪም አለ። ጂኑን በፈረስ፣ ተቆጣጣሪውን በልጓም ልንመስላቸው እንችላለን። በፕላቲው ውስጥ ፈረሱም ልጓሙም ስላሉ ጉዳት አይደርስም። በሰይፍ ጭራው ውስጥ ግን ሁለቱም የሉም። ፈረሱና ልጓሙ በተለያዩ ክሮሞዞሞች ላይ ስለሚገኙ፣ ለልጅ የሚተላለፉት የግድ አብረው አይደለም። በሁለተኛው ትውልድ ከአራት ጫጩቶች አንዱ ፈረሱን ያለ ልጓም ይወርሳል፤ ነቀርሳውም የሚነሣው በዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ተመራማሪዎች ይህን ገፋፊ ጂን ለይተው አወጡት።

ከዚህ እንደምንረዳው፣ ከሁለት ጤነኛ ወላጆች ዘር በሽተኛ ልጅ ሊወጣ ይችላል። ጥፋቱ በአንዱ ወይም በሌላው ወላጅ ላይ ሳይሆን፣ ተስማምተው ይኖሩ የነበሩት ነገሮች በመለያየታቸው ላይ ነው። ይህም እውቀት ለሰው ልጅ ጠቅሟል፤ ነቀርሳ ከዘር ውርስ ጋር ሊያያዝ እንደሚችል ቀደም ብለው ካስረዱት ማስረጃዎች አንዱ ሆኗልና። ጎርደንም ለዚሁ ጥናት የሚሆኑ ዓሦች ዘራቸው ሳይቀላቀል የሚጠበቁበትን ማእከል አቋቁሟል።

እናንተም ዓሦችን ለማዳቀል ብትፈልጉ የሚከተሉትን አትዘንጉ። በመጀመሪያ፣ ሴቶቹን ጫጩቶች ለአካለ መጠን ከመድረሳቸው በፊት ከወንዶቹ ለዩ። ከሆዱ በታች ያለው ክንፍ ቀጥኖ እንደ በትር መሾል የጀመረው ወንዱ ነው። ሁለተኛ፣ የእያንዳንዱን ጫጩት አባትና እናት፣ የተወለደበትን ቀንና መልኩን በመዝገብ ጻፉ። ሦስተኛ፣ ጥቁረቱ የበዛውን ድቅል ከሰይፍ ጭራ ጋር አታገናኙ፤ እብጠት የታየበትንም ለዘር አታስቀሩ። በመጨረሻም፣ የተረፏችሁን ዓሦች ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ አትልቀቁ፤ በዚያ የሚኖሩትን ዓሦች ሊጎዱ ይችላሉና።

በቅሎ አባቷን ብትሸሽግ የሚከተለው ሳቅ ብቻ ነው፤ ልጅ አትወልድምና ነገሩ ከእርሷ አያልፍም። ድቅሉ ዓሣ ግን ይወልዳል። የአንድ ወላጅ ስም ከመዝገብ ቢጎድል፣ ዕዳውን የሚከፍሉት ገና ያልተወለዱት ጫጩቶች ናቸው።