የአማተር ሬዲዮ ረጅም ጨዋታ፡- ለአንዱ ወዳጅነት፣ ለሌላው የሞገድ ብክነት

እ.ኤ.አ በኤፕሪል 2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሰዎችን ከቤታቸው እንዳይወጡ ባደረገበት ወቅት የብሪታንያ የሬዲዮ ማህበር ከእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ጋር በመተባበር አንድ ዘመቻ መጀመሩ ይታወሳል፡፡ ዘመቻው የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ ያላቸው ዜጎች መሣሪያቸውን ከፍተው እርስ በርስ እንዲነጋገሩ፣ በዚህም ብቸኝነትን እንዲከላከሉ የሚያበረታታ ነበር፡፡

ጥሪው ለብዙ ሰው የሚያከራክር ነገር ያለው አይመስልም፡፡ ይሁንና በአማተሮቹ በራሳቸው ዘንድ ያለ አንዳች አስቸኳይ ጉዳይ በአየር ላይ ረዘም ላለ ጊዜ መጨዋወት ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ ለአሥርተ ዓመታት ሲያነጋግር ቆይቷል፡፡

አማተር ሬዲዮ ፈተና ወስደው ከየአገራቸው መንግሥት ፈቃድ ያገኙ ግለሰቦች በተመደበላቸው ሞገድ ብቻ የሚገናኙበት አገልግሎት ነው፡፡ ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ባወጣው ደንብ መሠረት የአገልግሎቱ ዓላማ ራስን ማሰልጠን፣ እርስ በርስ መገናኘትና የቴክኒክ ምርምር ማድረግ ሲሆን፣ የገንዘብ ጥቅም ማግኛ ሊሆን አይችልም፡፡ ሙዚቃም ሆነ ዜና ለሕዝብ ከሚያሰራጭ የሬዲዮ ጣቢያ የሚለየውም በዚሁ ነው፡፡ እያንዳንዱ አማተር ከፊደላትና ከቁጥር የተዋቀረ የራሱ የጥሪ መለያ አለው፡፡ በአሜሪካ ብቻ ከ7 መቶ ሺህ በላይ ሰዎች ይህን ፈቃድ ይዘው ይገኛሉ፡፡

በተለያዩ አገሮች የሚገኙ አማተሮች ምን ሊነጋገሩ እንደሚችሉም ይኸው ደንብ ይወስናል፡፡ የተፈቀደላቸው ከአገልግሎቱ ዓላማ ጋር የተያያዘ መልዕክትና የግል ጉዳይን የሚመለከት ንግግር ነው፡፡ ረጅም ጨዋታን የሚወዱ አማተሮች ዘወትር የሚያነሱት ይህንኑ የመጨረሻውን ሐረግ ነው፡፡ ስለ አየሩ ጠባይ፣ ስለ ጓሮ አትክልት፣ ስለ ጤና ወይም ስለ ልጅ ልጆች ማውራት በደንቡ የታወቀ መብት እንጂ ስርቆሽ አይደለም ሲሉ ይከራከራሉ፡፡

በእንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች አማተሮቹ ለዚህ ዓይነቱ ጨዋታ የሰጡት ስም በቀጥታ ሲተረጎም "ጨርቅ ማላመጥ" የሚል ነው፡፡ አገላለጹ ከሬዲዮ በፊት የነበረና ረጅም ወሬን የሚያመለክት ሲሆን፣ በእኛ አገር ሦስተኛው ቡና እስኪወርድ ድረስ ከሚቀጥለው የጎረቤት ጨዋታ ጋር ይቀራረባል፡፡ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ይገናኙና ተራ በተራ ይናገራሉ፡፡ አንዱ ሲጨርስ የራሱንና የባልንጀራውን የጥሪ መለያ ጠርቶ ተራውን ያስረክባል፡፡ ጨዋታው ከግማሽ ሰዓት አልፎ አንዳንዴ ሰዓታት ይወስዳል፡፡ በየዕለቱ በተወሰነ ሰዓት የሚገናኙና በአካል ሳይተያዩ ለዓመታት በድምፅ ብቻ የሚተዋወቁ ወዳጆችም አሉ፡፡

በአንጻሩ የሌላው ወገን ግንኙነት በሰከንዶች ይለካል፡፡ በግንኙነት ውድድር ላይ ያለ አማተር የጥሪ መለያውን፣ "59" የሚለውን የድምፅ ጥራትና ጥንካሬ መግለጫ እንዲሁም አንድ ተጨማሪ ቁጥር ተለዋውጦ ወደ ቀጣዩ ያልፋል፡፡ የሩቅ አገሮችን የሚያድኑ አማተሮችም ከዚህ ብዙም አይለዩም፡፡ ዋናው ነገር ግንኙነቱ ተደርጎ በመዝገብ መስፈሩ ነው፡፡

የአሜሪካ የሬዲዮ ሪሌይ ሊግ ሁለቱንም ወገኖች ሲያበረታታ መኖሩን የሰጣቸው የምስክር ወረቀቶች ያሳያሉ፡፡ ሊጉ ቢያንስ ከ100 አገሮችና ግዛቶች ጋር ለተገናኙ አማተሮች የሚሰጠው የምስክር ወረቀት በዓለም እጅግ ከሚታወቁት አንዱ ነው፡፡ በሌላ በኩል በአየር ላይ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ያህል ለተጨዋወቱ አማተሮች የሚሰጠው ሌላ የምስክር ወረቀትም ነበረው፡፡ አንደኛው የተገኙትን አገሮች ብዛት ሲቆጥር፣ ሌላው ደግሞ ከአንድ ሰው ጋር የተቆየበትን ጊዜ ይቆጥራል፡፡

አጭር ግንኙነትን የሚመርጡት ወገኖች ታሪክን በምስክርነት ይጠራሉ፡፡ እ.ኤ.አ በኖቬምበር 1923 በአሜሪካ ኮኔቲከት ግዛት የሚገኝ አንድ አማተር በፈረንሳይ ኒስ ከተማ ከሚገኝ ባልንጀራው ጋር በአትላንቲክ ውቅያኖስ ማዶና ማዶ ሆነው በአጭር ሞገድ መልዕክት ሲለዋወጡ ተአምር የተባለው ድምፁ መድረሱ እንጂ የተነገረው ነገር አልነበረም፡፡ ለእነዚህ አማተሮች የሥራው ደስታ ዛሬም በአንቴና ጥራት፣ በፀሐይ እንቅስቃሴና በአዮኖስፌር ጠባይ ላይ የተመሠረተ ነው፡፡ ወሬ ለማውራት ስልክ አለ ይላሉ፡፡

ሁለተኛው መከራከሪያቸው የቦታ ጥበት ነው፡፡ ለረጅም ርቀት ግንኙነት ተፈላጊ ከሆኑት ሞገዶች አንዱ ከ14 እስከ 14.35 ሜጋ ኸርትዝ ያለው ክልል ሲሆን፣ በአሜሪካ ለድምፅ ግንኙነት የተፈቀደው የዚህ ክልል ክፍል 200 ኪሎ ኸርትዝ ነው፡፡ አንድ የድምፅ ግንኙነት ወደ 3 ኪሎ ኸርትዝ የሚጠጋ ስፋት ይይዛል፡፡ በመሆኑም በዚህ ስፍራ ሳይረባበሹ ጎን ለጎን ሊካሄዱ የሚችሉት ግንኙነቶች 70 እንኳ አይሞሉም፡፡ ሞገዱ አህጉራትን በሚያሻግርባቸው ሰዓታት አንድን ቦታ ለሰዓታት የያዙ ሁለት ሰዎች ሌላውን ደጅ እንደሚያስጠኑ ይነገራል፡፡

ሦስተኛውና ምናልባትም ክብደት ያለው ነጥብ ከመሣሪያው አሠራር የሚመነጭ ነው፡፡ በስልክ የሚነጋገሩ ሰዎች እኩል ሊሰሙና ሊያቋርጡ ይችላሉ፡፡ በተለመደው የአማተር ሬዲዮ ድምፅ ግንኙነት ግን የመናገሪያውን ቁልፍ የተጫነ ሰው እስኪለቀው ድረስ የሌላውን ድምፅ አይሰማም፡፡ ለ10 ደቂቃ ያለማቋረጥ የሚናገር ሰው በእነዚያ 10 ደቂቃዎች ውስጥ የእርዳታ ጥሪ ቢመጣ እንኳ ሊያውቅ አይችልም፡፡ ስለዚህም ጉዳዩ ከመሰልቸት ያለፈ ነው፡፡

ይህም ሆኖ የረጅም ጨዋታ ወዳጆች መልስ አላቸው፡፡ በመጀመሪያ ደረጃ የቦታ ጥበት በሁሉም ሞገድና በሁሉም ሰዓት አለመኖሩን ያመለክታሉ፡፡ ለምሳሌ በ3.5 ሜጋ ኸርትዝ አካባቢ ያለው ሞገድ በቀን የታችኛው የአዮኖስፌር ንብርብር ስለሚውጠው ሩቅ አይሄድም፡፡ ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ንብርብሩ ይሳሳና ድምፁ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ጥርት ብሎ ይሰማል፡፡ በአንድ አገር ውስጥ የሚኖሩ ወዳጆች በምሽት የሚሰባሰቡት በዚሁ ምክንያት ነው፡፡ ከዚህም በላይ ሞገድ ካልተሠራበት ይወሰዳል የሚል ስጋት አለ፡፡ እ.ኤ.አ በ2020 የአሜሪካ የፌዴራል ኮሙዩኒኬሽን ኮሚሽን ከ3.3 ጊጋ ኸርትዝ ጀምሮ ያለውን የአማተሮች ተደራቢ የሞገድ ድርሻ ለአዲሱ ትውልድ የሞባይል አገልግሎት ሲል እንዲያበቃ መወሰኑ ስጋቱ መሠረት ያለው መሆኑን ያሳያል፡፡ ጸጥ ያለ ሞገድ ለሌላ ፈላጊ ክፍት ቦታ ይመስላል፡፡

በሁለተኛ ደረጃ ሬዲዮው ከቤት መውጣት ለማይችሉ ሰዎች ያለው ትርጉም ይጠቀሳል፡፡ በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት እ.ኤ.አ በ1967 የተጀመረ ፕሮግራም የአካል ጉዳት ያለባቸው ሰዎች የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ እንዲያገኙ ሲረዳ ኖሯል፡፡ ማየት ለተሳነው ወይም ከአልጋ ለማይነሳ ሰው "59" ብሎ የሚያልፍ ድምፅ ብዙም አይፈይድለትም፡፡ የሚጠቅመው ስሙን ጠርቶ እንዴት አደርክ የሚለውና መልሱን እስኪጨርስ የሚጠብቀው ድምፅ ነው፡፡ የ2020ው የብሪታንያ ዘመቻ የተመሠረተውም በዚሁ ግንዛቤ ላይ ነበር፡፡

የአደጋ ጊዜ አገልግሎትን ሁለቱም ወገኖች ለየራሳቸው ክርክር ይጠቀሙበታል፡፡ እ.ኤ.አ ዲሴምበር 26 ቀን 2004 የሕንድ ውቅያኖስ ሱናሚ የአንዳማን ደሴቶችን ሲመታ በፖርት ብሌር ለአማተር ሬዲዮ እንቅስቃሴ የተገኙ ሕንዳውያን መደበኛው ግንኙነት በተቋረጠበት ሰዓት መልዕክት ለማስተላለፍ በቅተዋል፡፡ ቡድኑ ወደ ደሴቶቹ የሄደው በአጫጭር ግንኙነቶች ብርቅ ከሆነ ስፍራ ብዙ አማተሮችን ለማዳረስ ነበር፡፡ ይህም ፈጣኑ አሠራር በተግባር ለችግር ጊዜ የሚያዘጋጅ መሆኑን ያሳያል ይላሉ ደጋፊዎቹ፡፡ ረጅም ጨዋታ ወዳዶች በበኩላቸው በየምሽቱ የሚገናኙ ሰዎች አንዱ የሌላውን ድምፅ፣ የሚኖርበትን ስፍራና ሞገዱ በየትኛው ሰዓት የት እንደሚደርስ ስለሚያውቁ ችግር ሲመጣ አዲስ ትውውቅ አያስፈልጋቸውም ሲሉ ይመልሳሉ፡፡

እ.ኤ.አ በ2017 የተዋወቀው ኤፍ ቲ 8 የተሰኘው የዲጂታል ዘዴ ክርክሩን አዲስ መልክ ሰጥቶታል፡፡ ዘዴውን ካበለጸጉት ሁለት ባለሙያዎች አንዱ እ.ኤ.አ በ1993 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት የተጋሩት ጆ ቴይለር ናቸው፡፡ በኤፍ ቲ 8 ኮምፒዩተሮች በ15 ሰከንድ ተራ ተራ የጥሪ መለያ፣ የአካባቢ መለያና የምልክት ጥንካሬ ይለዋወጣሉ፡፡ በጆሮ የማይለይ ደካማ ምልክት ሳይቀር ይነበባል፡፡ ሰው በነጻ ሊጽፍ የሚችለው መልዕክት ግን በአንድ ጊዜ ከ13 ምልክቶች አይበልጥም፡፡ አነስተኛ አንቴና ላላቸውና በከተማ ጫጫታ መካከል ለሚኖሩ አማተሮች ዘዴው ትልቅ እፎይታ ሆኗል፡፡ ሌሎች ግን ኮምፒዩተር ከኮምፒዩተር ጋር ተነጋገረ እንጂ ሰው ከሰው ጋር አልተገናኘም ሲሉ ይተቻሉ፡፡ ብዙም ሳይቆይ እ.ኤ.አ በ2018 በዚሁ ዘዴ ላይ ተመሥርቶ ሰዎች በጽሑፍ እንዲጨዋወቱ የሚያስችል ጄ ኤስ 8 ኮል የተባለ ፕሮግራም መሠራቱ የጨዋታው ፍላጎት እንዳልጠፋ ያመለክታል፡፡

ኢትዮጵያ በዓለም አቀፉ የጥሪ መለያ ድልድል "ኢ ቲ" በሚሉት ፊደላት ትታወቃለች፡፡ በአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚገኘው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማህበር ጣቢያም "ኢ ቲ 3 ኤ ኤ" በሚለው መለያ በውጭ አማተሮች ዘንድ ሲታወቅ ቆይቷል፡፡ ከኢትዮጵያ የሚሰማ ጣቢያ ጥቂት በመሆኑ መለያው በአየር ላይ ሲሰማ በርካታ ጠሪዎች በአንድ ጊዜ ይሻማሉ፡፡ በዚህ ጊዜ ከአንዱ ጋር ረዘም ያለ ጨዋታ መያዝ ሌሎቹን ማስከፋት ስለሚሆን፣ በማይክሮፎኑ ላይ ያለው ሰው ሁሉንም በአጭሩ ለማስተናገድ ይገደዳል፡፡ ስለ አገሩ ሊያጫውት የሚችለው ሰልፉ ሲያልቅ ነው፡፡ በሌላ አገር ምርጫ የሆነው ጉዳይ በብርቅ ጣቢያ ላይ በጠሪዎቹ ብዛት ይወሰናል ማለት ነው፡፡

ክርክሩ በአሸናፊ ባይቋጭም ሁለቱ ወገኖች አብረው እንዲኖሩ የሚያስችሉ ደንቦችና ልማዶች አሉ፡፡ በአሜሪካ ሕግ መሠረት የትኛውም ፍሪኩዌንሲ ለአንድ አማተር ወይም ቡድን በብቸኝነት አይሰጥም፡፡ ስለሆነም ለ20 ዓመታት በየምሽቱ በአንድ ቦታ የተሰባሰበ ቡድን እንኳ ስፍራው ተይዞ ቢያገኘው ልቀቁልኝ የማለት መብት የለውም፡፡ በግንኙነት ላይ ያለ አማተርም ቢያንስ በየ10 ደቂቃው የጥሪ መለያውን መናገር አለበት፡፡ ምልክት ተቀብለው አጉልተው በሚያስተላልፉ የአካባቢ ጣቢያዎች ላይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በ3 ደቂቃ አካባቢ የሚሠራ የጊዜ መቁጠሪያ ይገጠማል፡፡ ከዚያ ያለፈ ተናጋሪ ንግግሩ ይቋረጥበታል፡፡

እ.ኤ.አ ከ1965 ጀምሮ በ14.325 ሜጋ ኸርትዝ ላይ የሚሠራው የአውሎ ነፋስ መከታተያ የአማተሮች መረብ ሥራ ሲጀምርም ሌሎች ጨዋታቸውን አቁመው ቦታውን እንዲለቁ ይጠበቃል፡፡ በደንብ ከተጻፉት ይልቅ ግን ጀማሪዎች ቀድመው የሚማሩት ልማድ ቀላል ነው፡፡ ከመናገር በፊት ማዳመጥ፣ ቦታው ተይዞ እንደሆነ መጠየቅ፣ ባልንጀራው ተራውን ሲለቅ ወዲያው ቁልፉን ከመጫን ይልቅ ለጥቂት ሰከንዶች ዝም ማለት ነው፡፡

እነዚያ ጥቂት ሰከንዶች ለረጅሙ ጨዋታ የሚከፈሉ ዋጋ ናቸው ለማለት ይቻላል፡፡ አዲስ ሰው ጨዋታውን ለመቀላቀል መለያውን የሚጠራው፣ የተቸገረ ሰውም ድምፁን የሚያሰማው በዚያች ክፍተት ነው፡፡ ክፍተቱ ከተጠበቀ የሁለት ወዳጆች የአንድ ሰዓት ጨዋታ የማንንም መንገድ አይዘጋም፡፡ ካልተጠበቀ ግን የአምስት ደቂቃ ንግግርም ይበዛል፡፡