በፍሳሽ ውስጥ የሟሟ ብረት እንዴት ይወጣል?

በአዲስ አበባና በዙሪያዋ በአቃቂ ወንዝ ውሃ ጎመንና ሰላጣ የሚያለሙ፣ በሞጆም ወንዝ ከብቶቻቸውን የሚያጠጡ ቤተሰቦች ብዙዎች ናቸው። ሁለቱም ወንዞች ውሃቸውን ወደ አዋሽ ያደርሳሉ። በአካባቢያቸው ከተተከሉት ፋብሪካዎች መካከል ቆዳ ፋብሪካዎች ስለሚገኙ፣ ፍሳሹ ወንዝ ከመግባቱ በፊት ሊጣራ ይችላል ወይ የሚለውን ጥያቄ እዚህ ላይ እንመልከት። ይቻላል።

ዛሬ አብዛኛው ቆዳ የሚለፋው በክሮሚየም ጨው ነው። በተለመደው አሠራር ቆዳው ከተጨመረው ክሮሚየም ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን ሲወስድ፣ የቀረው ከውሃው ጋር ይፈሳል። ይህ ብረት ጨው በወጥ ውስጥ እንደሚሟሟ የሟሟ ነው፤ በወንፊት ቢያጠሩት አይያዝም፣ ሌሊቱን ቢያሳድሩትም አይዘቅጥም። ስለዚህ አስቀድሞ መልኩን መለወጥ ያስፈልጋል።

የክሮሚየሙ ፍሳሽ አሲድነት አለው። ኖራ ተበጥብጦ ሲጨመርበትና የፒኤች መለኪያው 8.5 ገደማ ሲያሳይ፣ ክሮሚየሙ ወደማይሟሟ አረንጓዴ ደቃቅ ነገር ይለወጣል። ኖራው ሲበዛ ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን መለኪያው ከ10 ሲያልፍ ክሮሚየሙ እንደገና መሟሟት ይጀምራል።

ደቃቆቹ እጅግ ጥቃቅን ከመሆናቸውም በላይ ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ። ሸብ (አሉሚኒየም ሰልፌት) ወይም ፌሪክ ክሎራይድ የሚጨመረው ይህን ለማስቀረት ነው። እናቶቻችን አሬራ ሲያሞቁ አይቡ ተሰብስቦ ከአጓቱ እንደሚለይ፣ እዚህም ደቃቁ ተያይዞ እየከበደ ይወርዳል። በመጀመሪያ ለአንድ ደቂቃ ያህል በኃይል፣ ከዚያም ለ15 ወይም 20 ደቂቃ በዝግታ ይማሰላል። ዝግታው ካልተጠበቀ የተያያዘው ይበታተናል። ሸቡም ፌሪክ ክሎራይዱም ፒኤቹን ዝቅ ስለሚያደርጉ እንደገና መለካት ይገባል። ትክክለኛው መጠን ከፍሳሽ ፍሳሽ ይለያያልና፣ ሠራተኞች በስድስት ብርጭቆዎች የተለያየ መጠን ጨምረው የትኛው ጥሩ እንዳጠራ ቢያነጻጽሩ መልካም ነው።

አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለን። ከቆዳው ፀጉር የሚያነሳው ውሃ ሰልፋይድ አለበት። ይህ አሲድ ካለው ፍሳሽ ጋር ሲቀላቀል ሰው የሚገድል ጋዝ ይወጣል። በመጀመሪያ እንደ በሰበሰ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበረታ ግን አፍንጫ ስለሚደነዝዝ ሽታው ይጠፋል፣ አደጋው ግን እዚያው ነው። ስለዚህ ሁለቱ ፍሳሾች በተለያየ ቦይ ይሂዱ።

በብረት ቅብ ሥራ ፍሳሽ የሚገኘው ባለስድስት ክሮሚየም የበለጠ መርዛማ ሲሆን በኖራ ብቻ አይዘቅጥም። በፌረስ ሰልፌት ወደ ባለሦስት ከተለወጠ በኋላ ነው የሚዘቅጠው።

ይህ ሁሉ የፋብሪካ ሥራ ነው። በቤት ውሃን ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ ብረትን አያስወጣም። የሽፈራው ፍሬም ድፍርሱን ያጠራል፤ ጥርት ያለ ውሃ ሁሉ ግን ከክሮሚየም ነጻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የሚመክረው ወሰን በሊትር 0.05 ሚሊግራም ነውና፣ በዓይን አይለይም።

የቀረው ዝቃጩ ነው። በእርሻ ላይ መበተን አይገባም፤ ማቃጠሉም ክሮሚየሙን ወደ ባለስድስቱ ሊለውጠው ይችላል። በኖራ ፈንታ ማግኒዥየም ኦክሳይድ ሲጨመር ግን ዝቃጩ ጠጠር ብሎ በጥቂት ቦታ ይሰበሰባል፤ በሰልፈሪክ አሲድም ሲሟሟ ክሮሚየሙ ተመልሶ ለቆዳ ማልፊያ ስለሚሆን ፋብሪካው ከወጪው ከፊሉን ያገኛል።