ልስን ከርጭት ይቅደም

በ1950 ዓ.ም. ክረምት ተነሥቶ እስከ 1951 ዓ.ም. የዘለቀው የወባ ወረርሽኝ በኢትዮጵያ ወደ 150 ሺህ የሚገመት ሕዝብ ፈጅቷል። ዛሬም በብዙ ወባማ አካባቢዎች በሽታው የሚበረታው ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ዝናቡ አቁሮት የሄደው ውሃ ትንኝ በሚያራባበት ጊዜ ነው። ገበሬው ማጭድ በሚያነሣበት ወር አልጋ ላይ ይውላል፤ የደረሰው ሰብልም ማሳው ላይ ይረግፋል።

ሴቷ የወባ ትንኝ ሌሊት ደም ከመጠጠች በኋላ ብዙውን ጊዜ ግድግዳ ላይ ታርፋለች። በቤት ውስጥ የሚረጨው መድኃኒት የሚገድላት እዚያው ነው። ከርጭት በኋላ ግን ቤቱ ለመስቀል በጭቃ ወይም በእበት ከተለሰነ መድኃኒቱ ከሥር ተቀብሮ ይቀራል። ስለዚህ ልስኑ ከርጭቱ ቀን መቅደም አለበት። በዕለቱም እህል፣ ውሃና የማብሰያ ዕቃ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ግድግዳው እስኪደርቅ ቤተሰቡ አይገባም።

በመድኃኒት የተነከረ አጎበርም የሚጠቅመው በየሌሊቱ ሲተኙበት ነው። አጎበሩ ካልበቃ ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት ይቅደሙ። ሲታጠብ በጥላ ሥር ይድረቅ። ጭድ መሸከሚያ የሆነ አጎበር ከወባ አያድንም።

የገበሬ ማኅበር መሪዎች የርጭቱን ቀን አስቀድመው በማስታወቅ፣ ልስኑን በጊዜው በማስጨረስና አጎበር በየቤቱ መሰቀሉን በመከታተል የአዝመራውን ጉልበት ከወባ ሊያድኑ ይገባል።