እንግዳ ነጋዴ በአዲስ አበባ የት ይበላል? የትስ ቡና ይጠጣል?

ከክፍለ ሀገር ወይም ከባሕር ማዶ ለንግድ ጉዳይ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው የሚያድርበትን ስፍራ አስቀድሞ ያስባል፤ የሚያነጋግረውን አስመጪ፣ የሚገባበትን ባንክና መሥሪያ ቤት በወረቀት ጽፎ ይይዛል። ምሳውን የት እንደሚበላና ቡናውን የት እንደሚጠጣ አስቀድሞ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ይህ ጸሐፊ ከውጭ አገር ክር በሚያስመጣና የአገር ልብስ ወደ ውጭ በሚልክ ነጋዴ ቤት፣ ቁስቋም፣ በጸሐፊነት ሲሠራ ብዙ ዓመት ሆኖታል። እንግዳ ተቀብሎ ምሳ ማብላትና ቡና ማጠጣትም ከሥራው አንዱ ክፍል ስለ ሆነ፣ በዚህ አጋጣሚ ያስተዋለውን ለክቡራን አንባቢዎች ማቅረብ ወደደ። ነገሩ የሆድ ጉዳይ ብቻ መስሎ ቢታይም የገበያ ጉዳይ ነው። ይኸውም እንግዳው ታማኝ መሆናችንንና አለመሆናችንን የሚመዝነው ብዙውን ጊዜ በጽሕፈት ቤታችን ሳይሆን ለምሳ በቀረብንበት ገበታና በቡናው ረከቦት ዙሪያ በመሆኑ ነው።

በገንዘብ ገዝቶ በሰው ፊት መብላት በአገራችን እጅግ የቆየ ልማድ አይደለም። የመሸበት መንገደኛ «የእግዜር እንግዳ» ብሎ ከደጅ ይቆማል፤ ባለቤቱም አስገብቶ እግሩን አጥቦ ያበላዋል እንጂ ሒሳብ አይጠይቀውም። እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል ባስከፈቱ ጊዜ፣ መኳንንቱ በግብዣው ቀን በደስታ በልተው ሲያበቁ በማግሥቱ ከፍሎ ለመብላት የሚመጣ ሰው እንደ ጠፋ፣ ዳግማዊ ምኒልክም ራሳቸው እየገፋፉ ሰውን እንዳስለመዱት ይነገራል። ያ ሆቴል በጥር ወር 2007 ዓ.ም. በተነሣው እሳት ከፊሉ ቢጎዳም ታሪኩን የሚያስታውስ ብዙ ነው። ቡናም ቢሆን በሰሜንና በመካከለኛው አገር ክርስቲያን ዘንድ በግልጽ የተስፋፋው ከ1870ዎቹ ዓመታት ወዲህ ነው። ምኒልክ ራሳቸው በመጠጣታቸው፣ አቡነ ማቴዎስም ቡና የአንድ ሃይማኖት ሰዎች መጠጥ ብቻ ነው የሚለውን አስተሳሰብ በማለዘባቸው ቀስ በቀስ ከየቤቱ ገባ።

በፋሽስት ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ጣልያኖች በእንፋሎት የሚሠራውን የቡና መኪናና ማኪያቶን አስለመዱ። ጠላት ሲወጣ መኪናው ቀረ። ከዚያ በኋላ በ1953 እ.ኤ.አ. ቶሞካ በፒያሳ ተከፈተ፤ ስሙ የጣልያንኛው «ቶሬፋትሲዮኔ ሞደርና ካፌ» ምሕጻር ሲሆን ትርጉሙ ዘመናዊ የቡና መቁያ ማለት ነው። እዚያ ሰው ከረጃጅም ጠረጴዛዎች ፊት ቆሞ ይጠጣል፤ ጠጥቶም ይሄዳል። ይህ ሥርዓት ለቸኮለ ነጋዴ የተመቸ ነው። በዚህ ላይ አንድ ትንሽ ማስጠንቀቂያ ለውጭ አገር እንግዳ መንገር ይገባል፤ በአማርኛችን «ቡና ቤት» የሚለው ስም ከጊዜ ብዛት ለቢራና ለአረቄ መሸጫ ሆኖ ስለ ቀረ፣ ቡና የፈለገ ሰው «ካፌ» ብሎ መጠየቅ አለበት። አንድ የባሕር ማዶ ደንበኛችን ይህን ባለማወቅ ረፋድ ላይ ቡና ቤት ገብቶ ቡና ቢያዝ፣ ያገኘው የሌሊቱን ጠርሙስ የሚለቅም ዘበኛ ብቻ ነበር።

ቡና የሚጠጣበት ስፍራ የንግድ ቤት መሆኑ በእኛ አገር የተጀመረ አይደለም። በሎንዶን ከተማ በ1680ዎቹ እ.ኤ.አ. ኤድዋርድ ሎይድ የተባለ ሰው በከፈተው የቡና መሸጫ የመርከብ ባለቤቶችና ነጋዴዎች እየተሰበሰቡ ስለ መርከቦች ወሬ ይለዋወጡ፣ ለጭነታቸውም መድን ይዋዋሉ ነበር። ዛሬ በዓለም የታወቀው የሎይድስ የመድን ገበያ ሥሩ ያ የቡና ጠረጴዛ ነው። በአዲስ አበባም ደላላው ጽሕፈት ቤት የለውም፤ ካፌው ጽሕፈት ቤቱ ነው። መኪና፣ ቤት፣ መጋዘን፣ የጭነት ቦታ በአንድ ማኪያቶ ላይ ሲሸጥ ይውላል። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ አካባቢ ብዙ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ከባለቤቶቹ ሌላ ግራ የገባው ያ ሁሉ በየጠረጴዛው ይገናኝ የነበረ ነጋዴ ነው። ከዓመታት በኋላ ተመልሶ የሚመጣ እንግዳ የቀድሞውን ቤት ፍለጋ እንዳይንከራተት አስቀድሞ ስልክ ቢመታ ይሻለዋል።

አሁን ወደ ምሳው እንመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከደሴ ከተማ አንድ የተከበሩ ሐጂ ክር ለመግዛት ወደ እኛ መጡ። አሠሪዬ ከጉምሩክ ጉዳይ ስለ ነበራቸው ምሳ እንዳበላቸው ታዘዝሁ። እኔም እንግዳ አከብር ብዬ መስተዋቱ የሚያብረቀርቅ፣ ወንበሩ በቆዳ የተለበጠ አንድ ምግብ ቤት ወሰድኋቸው። ሐጂ ተቀምጠው አሳላፊውን በትሕትና «ልጄ፣ ሥጋው የሙስሊም ነው የክርስቲያን?» ብለው ጠየቁት። ልጁም ሳቅ ብሎ «ሥጋ ሥጋ ነው፣ አባባ» አላቸው። እኔ አቀርቅሬ ቀረሁ። እርሳቸው ግን «አብሽር ልጄ፣ ሽሮም ምግብ ነው» ብለው የጾም በያይነቱ እንዲመጣ አዘዙ። ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ሽሮው መጣ፤ አብረን በላን።

ጥፋቱ የአሳላፊው ብቻ አልነበረም። አስቀድሜ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርሁ። በከተማችን ምግብ የሚሸጥ ሰው ይህን ጥያቄ በየቀኑ እንደሚጠየቅ አውቆ መልሱን በበሩ ላይ ቢጽፍ ምን ይጎዳዋል? የጾሙም ነገር እንዲሁ ነው። ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምን፣ ፍልሰታንና ሌላውንም ሁሉ ብንደምር ለምእመናን የጾሙ ቀን በዓመት ከ180 በላይ ይሆናል። እንግዲህ የጾም ምግብ በደንብ የማይሠራ ቤት የዓመቱን ግማሽ ያህል ገበያ በፈቃዱ እንደ ተወ ይቆጠራል። በተቃራኒው ጥሩ በያይነቱ የሚያወጣ ቤት ጾመኛውን ክርስቲያን፣ ሙስሊሙን፣ ሥጋ የማይበላውንም የውጭ አገር ሰው በአንድ ትሪ ዙሪያ ሊያስቀምጥ ይችላል። የተለያየ ሃይማኖት ያላቸውን ደንበኞች በአንድ ቀን የሚጋብዝ ነጋዴ ይህን ገበታ ቢመርጥ አይሳሳትም።

ምሳው አልቆ ሒሳቡ ሲመጣ ደግሞ ሁለተኛው ኀፍረት ደረሰብኝ። በዝርዝሩ ላይ ካነበብነው ዋጋ ይልቅ የተጠየቅነው እጅግ በልጦ ተገኘ። ምክንያቱ የታወቀ ነው። አንዳንድ ቤቶች በዝርዝሩ ላይ የሚጽፉት ባዶውን ዋጋ ነው፤ በመጨረሻ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ በድምሩም ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ያስቡበታል። ለምሳሌ 600 ብር የተጻፈበት ምግብ በአገልግሎቱ 660 ብር ይሆናል፤ በዚህ ላይ ታክሱ 99 ብር ሲጨመር 759 ብር ይደርሳል። እንግዳው ያልጠበቀው 159 ብር ማለት ነው። ታክሱ ሕጋዊ ነው፤ ለመንግሥት የሚገባውን መክፈል አያከራክርም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃውንና የአገልግሎቱን ዋጋ በግልጽ ስፍራ እንዲያሳይ ያዘዘው ግን እንዲህ ያለው ድንጋጤ እንዳይደርስ ነው ብዬ አምናለሁ። ሙሉውን 759 ጽፎ ውድ ነው መባል፣ 600 ጽፎ አታለለኝ ከመባል ይሻላል። ሐጂ «እኔ ልክፈል» ብለው እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሲሰዱ፣ እኔም «በሞቴ» እያልሁ ስለምን፣ አሳላፊው በመካከላችን ቆሞ ጣራውን ይመለከት ነበር። ለነገሩ በሒሳብ መሻማት የአገራችን ደግ ጠባይ ነው፤ የሚያሳዝነው ሰው የሚሻማበትን ገንዘብ ልክ አለማወቁ ነው።

ከዚያ ወደ ቁስቋም ተመለስን። አካባቢውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልግለጽ። ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ ወደ እንጦጦ በሚያቀናው መንገድ፣ የአገር ልብስ በሚሸጥበት በሽሮ ሜዳ በኩል ሲያልፉ የቁስቋም ማርያም ሰፈር ይገኛል። ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች በጉለሌ ከሰፈሩ ወዲህ የክርና የጥበብ ንግድ ከዚህ አካባቢ አልተለየም። በኅዳር 6 ቀን የቁስቋም በዓል ሲከበር ደግሞ መንገዱ በሕዝብ ይሞላል። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ በኋላ፣ ቀድሞ የማገዶ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ይወርዱበት በነበረው ዳገት ሽርሽር የሚሄድ ሰው በብዛት ይወጣበት ጀመር። ይህ ሁሉ ሰው የሚጠማና የሚርበው ነው። የሰፈራችን ባለሱቆች ግን እስከ አሁን የሚያዩት ነጠላ የሚገዛውን ብቻ ነው።

ከጽሕፈት ቤታችን አጠገብ አንዲት እናት በትናንሽ በርጩማዎች ዙሪያ የጀበና ቡና ይሸጣሉ። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፤ ዕጣኑ ይጨሳል፤ የስኒው ዋጋ በካርቶን ቁራጭ ላይ በትልቁ ተጽፏል። ሐጂ ተቀምጠው አቦሉን ቀመሱ፤ የወሎ ሰው የቡናን ነገር ያውቃልና ዝም ብለው ጥቂት ቆዩ። ቀጥለውም ቡናውንና ባለቤቲቱን መረቁ፤ ሴትዮዋም አሜን አሉ። የክሩ ዋጋ፣ የብዛቱና የማስረከቢያው ቀን የተነገረው እዚያ በርጩማ ላይ ነው። ያዘዙት በስልክ ነግረውን ከነበረው ግማሹን ነበር። ምሳው ያመጣው ይሁን የክሩ ዋጋ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ለመጠየቅም ደፍሬ አላውቅም።

ካፌ ለመክፈት ለሚያስብ ባለሱቅ የአንድ ስኒን ሒሳብ መግለጽ ሳይጠቅም አይቀርም። ጥሬ ቡና ሲቆላ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ከ800 እስከ 850 ግራም ቁሌት ይሰጣል። መኪናው ለአንድ ስኒ 7 ግራም ያህል ስለሚወስድ ከዚያ 115 ገደማ ስኒ ይወጣል። አንባቢ የኪሎውን ዋጋ ለ115 ቢያካፍል፣ በስኒው ውስጥ ያለው ቡና ከሚከፈለው ገንዘብ ትንሹ ክፍል መሆኑን ያያል። የቀረው የቤት ኪራይ፣ የወተት፣ የስኳር፣ የመብራት፣ የአሳላፊ ደመወዝና የመኪናው ነው። መኪናው ደግሞ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ስለ ተደረገ፣ መኪናና መለዋወጫ የሚያስመጡ ነጋዴዎች በብር የሚከፍሉት ምን ያህል እንደ ጨመረ እነርሱ ይነግሩናል። ጀበናው ግን ከአገራችን ሸክላ ይሠራል፤ መለዋወጫም አያስፈልገውም፤ ቢሰበርም ሌላ ይገዛል።

ቡና ላኪዎቻችንን የሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። የውጭ አገር እንግዶች በአገራቸው የጠጡትን የይርጋ ጨፌን ወይም የሐረርን ቡና መዓዛ እዚህ በየካፌው ሲያጡት ይገረማሉ። የቡና ጥራት ቁጥጥርና ግብይት አዋጅ ቁጥር 602/2000 ለውጭ ገበያ የተዘጋጀ ቡና በአገር ውስጥ እንዳይሸጥ ከልክሎ ነበር፤ ለአገር ሰው ይደርስ የነበረው ለውጭ ሳይበቃ የቀረው ነው። የውጭ ምንዛሪ ለሚያስፈልጋት አገር ምክንያቱ የሚገባ ነው። ይሁንና ከምናመርተው ቡና ግማሽ ያህሉን ራሳችን ስለምንጠጣው፣ ባለካፌው በሚያገኘው ቡና ላይ እንከኑን ለቅሞ፣ በዕለቱ ቆልቶና ፈጭቶ ቢያቀርብ ብዙውን ጉድለት ይሸፍናል። እነዚያ እናት የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ጥሬውን በሰፌድ ላይ አንድ በአንድ ለቅመው ደንበኛው ፊት ይቆላሉ።

ሐጂ በሚቀጥለው ዓመት ዳግመኛ መጡ። ምሳ እንብላ ብላቸው «በልቻለሁ» አሉኝ፤ መብላታቸውን አላመንሁም። የጠየቁኝ የጀበናዋ ሴት አሁንም መኖራቸውን ነበር። ክረምት ስለ ነበር ሴትዮዋ በርጩማዎቹን ከላስቲክ ጣራ ሥር አስገብተው አገኘናቸው፤ በካርቶኑ ላይ የነበረው ዋጋ ተሰርዞ ከበላዩ አዲሱ ተጽፏል። ሐጂ አንብበው «ጨመረሳ» አሉና ተቀመጡ።