ዋጋን ተከትሎ መነገድ፦ የ«ሙቪንግ አቬሬጅ ቻናል» ስልትና ሸሪዓዊ እይታው

የትሬዲንግ ኮርስ የሚከታተሉ ወንድሞችና እህቶች ደጋግመው ከሚጠይቁን አንዱ ይህ ነው፦ «ቻርት ላይ ሁለት መስመር አስምረን፣ ዋጋው ከላይኛው ሲያልፍ ገዝተን ከታችኛው ሲወርድ ብንሸጥ ሐላል ነው?» በጥያቄው ውስጥ ሒሳብና ውል ተቀላቅለዋል። ሒሳቡን ሳይረዱ ስለ ውሉ ማውራት ስለማይመች ከእሱ እንጀምር።

አንድ አክሲዮን በየገበያው ቀን የደረሰበት ከፍተኛና ዝቅተኛ ዋጋ አለው። ያለፉትን 20 ቀናት ከፍተኛ ዋጋዎች ደምረን ለ20 ስናካፍል የላይኛውን መስመር እናገኛለን። ዝቅተኛዎቹን እንዲሁ ስናደርግ የታችኛው ይወጣል። አዲስ ቀን ሲገባ አሮጌው ቀን ስለሚወጣ «ተንቀሳቃሽ አማካይ» ተባለ። በሁለቱ መስመሮች መሐል ያለው ቦታ ቻናል ነው። የቀኑ መዝጊያ ዋጋ ከላይኛው መስመር በላይ ከሆነ ይገዛል፤ ከታችኛው በታች ከሆነ ይሸጣል፤ መሐል ላይ ከሆነ ምንም አይነካም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ሪቻርድ ዶንቺያን በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በሸቀጦች ገበያ አማካይ ዋጋን እየተከተለ ይነግድ ነበር። ቼስተር ኬልትነር እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው መጽሐፍ በ10 ቀን አማካይ ዙሪያ የሚሰመር ቻናል አስተዋወቀ። እ.ኤ.አ. በ1983 ደግሞ የቺካጎው ነጋዴ ሪቻርድ ዴኒስ «ኤሊዎች» ብሎ የጠራቸውን ሰልጣኞች ተመሳሳይ ስልት አስተምሯል፤ የእሱ ግን በአማካይ ሳይሆን በ20 ቀናት ውስጥ በታየው ከፍተኛ ዋጋ ላይ የቆመ ነበር።

በቁጥር እንየው። የላይኛው መስመር 105 ላይ ሳለ አክሲዮኑ በ106 ዘጋ እንበል፤ ገዛን። ዋጋው እየወጣ 140 ደረሰ፤ መስመሮቹም ተከትለውት ወጡ። ከዚያ መውረድ ጀመረ፤ የታችኛው መስመር 127 ላይ ሳለ በ126 ዘጋ፤ ሸጥን። ትርፉ 20 ነው። «ለምን 140 ላይ አልሸጣችሁም?» የሚል ይኖራል። 140 ጫፍ መሆኑ የታወቀው ግን ዋጋው ከወረደ በኋላ ነው። ስልቱ ነገን አውቃለሁ አይልም። ስለዚህ ቻርት ማየትን ከጥንቆላ ጋር የሚያመሳስሉ ወገኖች ነገሩን አጥብቀውታል ብለን እናምናለን። «በሳምንት እጥፍ ይሆናል» እያለ ሲግናል የሚሸጠው ሰው ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

የስልቱ ከባድ ጎን እዚህ አለ። ገበያው ወደ አንድ አቅጣጫ ካልሄደና ወዲያና ወዲህ ከተወዛወዘ፣ በውድ እየገዙ በርካሽ መሸጥ ይደጋገማል። ከ10 ግዢዎች 7ቱ እያንዳንዳቸው 4 ብር ቢያከስሩ ኪሳራው 28 ነው። ቀሪዎቹ ሦስቱ 14፣ 12 እና 10 ቢያተርፉ 36 ይሆናል። ልዩነቱ 8፤ ለእያንዳንዱ ግብይት ግማሽ ብር ኮሚሽን ሲነሳ 3 ይቀራል። ተሰላችታችሁ ያቺን የ14 ግብይት ብትዘሏት ሙሉው ድካም ኪሳራ ነው። ትርፉ የሚመጣው ከጥቂት ረጃጅም ጉዞዎች ነውና ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይዞ መቆየት ግድ ይላል።

ወደ ውሉ ስንመጣ ይህ መቆየት ዋናው ችግር ይሆናል። አብዛኛው ኮርስ የሚያስተምረው በሌቨሬጅ በሚሠራ የፎሬክስ አካውንት ነው። እዚያ ግብይቱ ባደረ ቁጥር «ስዋፕ» የሚባል ሒሳብ ይታሰባል፤ መሠረቱ የሁለቱ ገንዘቦች የወለድ ልዩነት ነው። አንድ ወር የቆየ ግብይት ማለት አንድ ወር ሙሉ ሪባ ሲቆጠርበት ወይም ሲቆጠርለት ከረመ ማለት ነው። «ኢስላሚክ አካውንት» የሚባለው ስዋፑን ቢያነሳም፣ በቆየበት ቀን ልክ በሌላ ስም የሚያስከፍል ከሆነ ስሙ ነው የተቀየረው። በዚያ ላይ ገንዘብ በገንዘብ ሲለወጥ ርክክቡ እዚያው መፈጸም አለበት፤ በስክሪን ላይ ብቻ በሚቆጠር የዋጋ ልዩነት ይህ አይሟላም። ዋጋው ከታችኛው መስመር ሲወርድ ያልያዙትን መሸጥም ስልቱን በሁለቱም አቅጣጫ ለሚጠቀሙ የተለመደ ነው፤ የራስ ያልሆነን መሸጥ ደግሞ በሐዲስ የተከለከለ ነው።

በዓለም ሙስሊሞች ሊግ ሥር ያለው የመካው የፊቅህ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2006 በ18ኛ ስብሰባው በማርጅን የሚደረግ ግብይት አይፈቀድም ሲል ወስኗል። ከጠቀሳቸው ምክንያቶች መካከል የማሳደሪያው ክፍያ ሪባ መሆኑና ደላላው በእሱ በኩል እንዲነገድ ሁኔታ አስቀምጦ ማበደሩ ይገኙበታል። በዱንያም ቢሆን ነገሩ አያዋጣም፦ የአውሮፓ የገበያ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳስታወቀው፣ በዚህ ዓይነት የልዩነት ውል ከሚነግዱ የግለሰብ አካውንቶች ከ74 እስከ 89 በመቶው ይከስራሉ። በሌቨሬጅ ሲነገድ፣ ቻናሉ ከሚታገሠው ተራ ውዝዋዜ በፊት አካውንቱ ሊያልቅ ይችላል።

ታዲያ ምን ይቀራል? በራስ ጥሬ ገንዘብ፣ ያለ ብድር፣ እውነተኛ አክሲዮን መግዛትና ከታችኛው መስመር ሲወርድ የያዙትን ሸጦ መውጣት። ኩባንያው ራሱም መመርመር አለበት። የአአዮፊ 21ኛ መስፈርት ዋና ሥራው ሐላል እንዲሆን፣ የወለድ ብድሩ ከገበያ ዋጋው 30 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ሐራም ገቢውም ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ይጠይቃል፤ በወለድ የተነካካ ኩባንያ ጭራሹን አይገዛም የሚሉ ዑለሞችም አሉ። በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ይህን ስልት መሞከር ለሚያስቡ፦ የተመዘገቡት ኩባንያዎች ገና ጥቂት ናቸው፤ የወለድ ባንክ አክሲዮን ደግሞ ከመጀመሪያው መስፈርት አያልፍም። በየቀኑ በብዛት የማይሸጥ የማይለወጥ አክሲዮን ላይ የ20 ቀን አማካይ ብናሰላም መስመሩ ብዙም አይነግረንም።

ወላሁ አዕለም።